ብረት ላልሆነ ዕቃ የላሜራ መሣሪያ፦ የጋራ ሥልጠና ዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የሥልጠና ዕቅድ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። በካድ (በኮምፒውተር ንድፍ መሥሪያ) ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው የላሜራ ክፍል ብረት ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ውፍረቱ አንድ ወጥ የሆነ፣ የሚታጠፍና ተመልሶ የሚዘረጋ ገጽ ነው። ካርቶንም፣ ቆዳም፣ ወረቀትም፣ ኮምፔንሳቶም በዚሁ ሒሳብ ይገባሉ። ረቂቁ ስምንት ማሳያ ሥራዎች አሉት፦ የቱቦ መቁረጫ ወረቀት፣ የካርቶን ሳጥን፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የሸራ ከረጢት፣ የታጠፈ ኮምፔንሳቶ፣ ሲሊንደር ላይ የተቆረጠ የካም ቦይ (ፒን የሚመራ ጎድጓዳ መንገድ)፣ ሾጣጣ የመብራት ሽፋን እና ሉል የመብራት ሽፋን። አንቀጽ 3 ላይ ደግሞ የየዕቃውን ኬ ፋክተር (ዕቃው ሲታጠፍ የማይለጠጠው መስመር፣ ከውስጥ ገጽ ሲቆጠር፣ በውፍረቱ ስንት እጅ ላይ እንዳለ የሚነግር ቁጥር) የያዘ ዝግጁ ሠንጠረዥ እንሰጣለን ብለናል። ሠልጣኙ ሶሊድወርክስም ይሁን ኢንቬንተር፣ ፊውዥንም ይሁን ኦንሼፕ በለመደው ይሥራ። ፍሪካድ ላይ የላሜራው ክፍል ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ስለሆነ ይህ አስቀድሞ ይነገራቸው። የሚወጣም የሚገባም ካለ ጻፉ።

ብየዳ ክፍል፦
አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል የቱቦውን ወረቀት እመርጣለሁ። ቱቦ ከቱቦ ጋር ሲበየድ የአንዱ ጫፍ የሌላውን ክብ ገጽ እንዲያቅፍ ተጎርዶ መቆረጥ አለበት። ወረቀቱ ቱቦው ላይ ተጠቅልሎ መስመሩ ይሰመርበታል፤ ከዚያ ግራይንደር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ይጻፍ። የውጭ ዲያሜትሩ 48.3 ሚ.ሜ የሆነ ቱቦ እንውሰድ። ስኬቹ (የመነሻው ሥዕል) ላይ ራዲየሱ 24.15 የሆነ፣ 0.1 ሚ.ሜ ክፍተት የቀረው አርክ (ቅስት) ይሣላል። ውፍረቱ 0.1 ወደ ውጭ፣ ኬ ፋክተሩ 0.5፣ ርዝመቱ 150 ሆኖ በላሜራ ፍላንጅ (ከመስመር ገጽ በሚያወጣው ትእዛዝ) ይወጣል። ከዚያ ዋናው ቱቦ እንደ ጠጣር ሲሊንደር በሚፈለገው አንግል ገብቶ ይቆርጠዋል፤ ቀጥሎ ይዘረጋል። የዝርጉ ስፋት 152 ሚ.ሜ አካባቢ መምጣት አለበት። በየ38 ሚ.ሜው አንድ፣ በድምሩ አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይጨመሩበት፤ እነሱ ከሌሉ ወረቀቱ ቱቦው ላይ ዞሮ ሲጠቀለል ማንም አያውቅም።

ክፍተቱን የዘነጋ ሰው ፕሮግራሙ አልዘረጋም ይለዋል፤ የተዘጋ ቀለበት የሚከፈትበት ጠርዝ የለውምና። ፕሮግራሙ የሚይዘው ጠፍጣፋ ገጽ ካስፈለገው ክፍተቱ ጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ መተው ይበቃል።

ትልቁ ጥፋት ግን ራሱን ቱቦውን ዘርግቶ ማተም ነው። የግድግዳው ውፍረት 3.2 ሚ.ሜ፣ ኬ 0.44 ከሆነ ዝርጉ 140.5 ሚ.ሜ ይወጣል። ወረቀቱ 11.5 ሚ.ሜ ያህል ያጥራል፤ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀው ላሜራ ጠቅልሎ ቱቦ ለመሥራት የሚቆረጠውን ልክ ነው። ሠልጣኞች ሁለቱንም አትመው ቱቦው ላይ ቢጠቀልሉ የማይለጠጠው መስመር የት እንዳለ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ስለዚህ ይህ ሥራ የመጀመሪያው ይሁን።

ማሸጊያ ክፍል፦
በቱቦው እስማማለሁ። አንቀጽ 3 ግን ይውጣ። ዝግጁ የኬ ፋክተር ሠንጠረዥ ለካርቶን ዋጋ የለውም፤ አንዱ ካርቶን ከሌላው አይመሳሰልም፤ ያው አንዱ ካርቶን እንኳ በሞገዱ አቅጣጫ ሲታጠፍና ሞገዱን አቋርጦ ሲታጠፍ ልኩ ይለያያል። በሠንጠረዡ ፋንታ የመለኪያ ወረቀት እንስጥ።

100 ሚ.ሜ ርዝመት ያለው ቁራጭ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ሁለቱ ክንዶች ከውጭ በካሊፐር ይለካሉ። ለምሳሌ ውፍረቱ 2፣ የውስጥ ራዲየሱ 2 ሆኖ ክንዶቹ 51.7 እና 51.8 ቢመጡ ድምሩ 103.5 ነው። ከ100 ላይ 103.5 ይቀነሳል፣ የራዲየሱና የውፍረቱ ድምር እጥፍ፣ ማለትም 8፣ ይደመራል፤ የእጥፋቱ ርዝመት 4.5 ሆነ። 4.5 ለ1.571 (ለ90 ዲግሪ የሚሆነው የፓይ ግማሽ) ሲካፈል 2.865፤ ራዲየሱ ሲቀነስ 0.865፤ ለውፍረቱ ሲካፈል ኬ ፋክተሩ 0.43 ነው። ሦስት ቁራጭ ይታጠፍና አማካዩ ይወሰድ። የአንዱ ልክ ከሌሎቹ በብዙ ከራቀ አስቀድሞ የሚጠረጠረው አንግሉ ነው፤ 88 ዲግሪ ላይ የቆመ እጥፋት 90 ተብሎ ከተሰላ ሒሳቡ ሁሉ ይዛባል።

ሳጥኑ ላይ ሁለት ነገር ይጨመር። ፕሮግራሙ ማዕዘን ላይ በራሱ የሚያስገባው ትንሽ ቀዳዳ ብረቱ እንዳይቀደድ የታሰበ ነው፤ ካርቶን ላይ አቧራ ማስገቢያ ብቻ ስለሚሆን ይጥፋ። ወደ ውስጥ የሚገባው ክዳን ደግሞ በየጎኑ በካርቶኑ ውፍረትና በተጨማሪ 0.5 ሚ.ሜ ይጥበብ። ስክሪን ላይ ልክክ ብሎ የገባ ክዳን በእጅ ሲሞከር ሳጥኑን ያሳብጠዋል።

ቆዳ ሥራ፦
የመለኪያው ወረቀት ለቆዳም ይሠራል፤ የሚለካው ግን ቆዳው በሚሠራበት ሁኔታ ይሁን፤ ረጥቦ የሚታጠፍ ከሆነ ረጥቦ።

ቦርሳው ላይ ዋናው ቁም ነገር የስፌት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በታጠፈው ቅርጽ ላይ አይበሳ፤ ተዘርግቶ፣ በዝርጉ ጠርዝ ላይ በእኩል ርቀት ይደርደር፤ ከዚያ መልሶ ታጥፎ ይታይ። የፊቱ ጠርዝና የጎኑ ቁራጭ የቀዳዳ ቁጥራቸው እኩል መሆን አለበት። በርቀት ብቻ 4 ሚ.ሜ ብሎ የደረደረ ሰው ክብ ማዕዘን ላይ ይያዛል፤ የሁለቱ ጠርዞች ርዝመት እዚያ ላይ ይለያያልና። ስለዚህ የአጭሩ ጠርዝ ቁጥር ይወሰድና ለሁለቱም በቁጥር ይከፋፈል። ርቀቱ በአንዱ 4፣ በሌላው 4.1 ቢሆን ዓይን አይለየውም፤ አንድ ቀዳዳ ቢተርፍ ግን መጨረሻው ላይ ይጨማደዳል።

የሸራው ከረጢት ይውጣ። ጨርቅ በሰያፍ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም፤ የሚያስተምረውም ከቆዳው የተለየ ነገር የለም።

እንጨት ሥራ፦
ኮምፔንሳቶው ይቆይ፤ ረቂቁ ላይ የተጻፈው መንገድ ግን ስሕተት ያመጣል። 12 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ሰሌዳ ከውስጥ በኩል 10 ሚ.ሜ በመጋዝ እየተሰነጠቀ ሲታጠፍ የማይለጠጠው መስመር መሀል ላይ አይደለም፤ በተረፈው 2 ሚ.ሜ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ከውስጥ ሲቆጠር ኬ 0.92 ያህል ይሆናል። ይህን ቁጥር አልቀበልም የሚል ፕሮግራም ቢያጋጥም የሚታገሉት ነገር አይደለም፤ የተረፈውን ስስ ሽፋን ብቻ መሣል ነው። የውስጥ ራዲየሱ 100 የሆነ እጥፋት ከተፈለገ ራዲየስ 110፣ ውፍረት 2፣ ኬ 0.5 ይደረግ። ለ90 ዲግሪ 174.4 ሚ.ሜ ይሰጣል። ሙሉውን 12 ሚ.ሜ በ0.44 ያሰላ ሰው 165.4 አግኝቶ ሰሌዳውን 9 ሚ.ሜ አሳጥሮ ይቆርጣል።

የስንጥቁ ቁጥርም ይጻፍ፦ 1.571 በ10 ሲባዛ 15.7፤ መጋዙ 3 ሚ.ሜ ከበላ 5.2፤ ስለዚህ ስድስት ስንጥቅ፣ በየ29 ሚ.ሜው። ራዲየሱ ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ርቀቱ ነው። ብዙ ሰው የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ስድስት ስንጥቅ ከውጭ ሲታይ ጥርት ያለ ክብ አይሰጥም፤ ልስላሴ የፈለገ ቀጭን መጋዝ ይያዝ።

ማሽን ሥራ፦
የካሙ ቦይ ለጀማሪ አይሆንም፤ ለሁለተኛ ዙር ይቆይ። ሐሳቡ ያማረ ነው፦ ሲሊንደሩ ይዘረጋል፣ ቦዩ ጠፍጣፋ ላይ ይሣላል፣ ተቆርጦ መልሶ ይታጠፋል። ችግሩ ግድግዳው ሲወፍር ይመጣል። የውስጥ ራዲየስ 20፣ ውፍረት 5፣ ኬ 0.5 ቢሆን ዝርጉ ላይ 8 ሚ.ሜ ስፋት ያለውና በቁመት የሚሄድ ቦይ ሲታጠፍ ከውጭ 8.89፣ ከውስጥ 7.11 ይሆናል። 8 ሚ.ሜ ፒን ውስጡ ጋ ይነክሳል። ዙሪያውን በሚሄድበት ቦታ ግን ስፋቱ ስለማይለወጥ ያው ቦይ እዚህ ልክ፣ እዚያ ጠባብ ይሆናል። መፍትሔው መንገዱን ብቻ ከቀጭን ዝርግ መውሰድና ቦዩን የፒኑን ሲሊንደር በመንገዱ ላይ እየነዱ መቁረጥ ነው። ይህ ከላሜራ ትምህርት ይወጣል።

ሉሉስ? የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 እንዳረጋገጠው ሉል ሳይለጠጥ ወይም ሳይቀደድ አይዘረጋም፤ የትኛውም አዝራር አይፈታውም።

ማሸጊያ ክፍል፦
ሉሉን ግን በቁራጭ መሥራት ይቻላል። ዲያሜትሩ 300 ለሆነ ሽፋን 12 ቁራጭ ቢወሰድ፣ እያንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የታጠፈ ስለሆነ ይዘረጋል። የቁራጩ መሀል ሉሉን ሲነካ ጠርዙ 5.3 ሚ.ሜ ወደ ውጭ ይወጣል፤ 24 ቁራጭ ከተደረገ 1.3 ብቻ። ሾጣጣውን ከሉሉ ጋር አንድ ሥራ እናድርጋቸው፦ አንዱ በቀጥታ የሚዘረጋ፣ ሌላው እንቢ የሚል። ለሾጣጣው የግርጌ ራዲየስ 150፣ የተንጋደደው ጎን 250 ከሆነ ዝርጉ 216 ዲግሪ ቁራሽ ክብ ነው፤ በእጅ ሒሳብ ይመሳከራል።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይስተካከል። አምስት ሥራ፦ ቱቦ፣ ሳጥን፣ ቦርሳ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሾጣጣና ሉል በአንድነት። ሸራው ወጥቷል፤ ካሙ ለሁለተኛ ዙር። አንቀጽ 3 «የኬ ፋክተር ሠንጠረዥ» መሆኑ ቀርቶ «የመለኪያ ወረቀትና ካሊፐር ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ» ይባላል። ፋይሎቹ በዲኤክስኤፍ (የንድፍ ፋይል ዓይነት)፣ በሚሊ ሜትር ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ፋይል መለኪያውን ይዞ ስለማይወጣ ኢንች ተብሎ ከተከፈተ 25.4 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝርግ ላይ 100 ሚ.ሜ ማረጋገጫ መስመር ይኑር። በፒዲኤፍ ሲታተም «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለው ይጥፋና 100 በመቶ ይሁን።

ብየዳ ክፍል፦
መስመሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በወርድ፣ አንዱ በቁመት። አንዳንድ ፕሪንተር ወረቀቱን በሚጎትትበት አቅጣጫ ብቻ ልኩን ያዛባል። በወርድ ልክ የሆነ ወረቀት በቁመት ከተዛባ ዙሪያው በደንብ ይገጥማል፤ የሚበላሸው የጉርዱ ጥልቀት ነው፤ ያ ደግሞ የሚታወቀው ቱቦው ከተቆረጠ በኋላ ነው።