ጥያቄ፦ ባለ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ተመልካች ግጥሙ አይሰማውም፤ ምን እናድርግ? (ጅማ)

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ አዳራሽ የሙዚቃ ዝግጅት እናሰናዳለን። የተመልካቹ ቅሬታ ሁሌም ሁለት ነው። ከፊት ያለው «ጆሮዬን አደነቆረኝ» ይላል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ «ጩኸት አለ፣ ዘፋኙ ምን እንደሚል ግን አይለይም» ይላል።

አዳራሹ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ኋላ ግድግዳ 32 ሜትር ነው፤ ወርዱ 18፣ ከፍታው በአማካይ 7። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት። 600 ሰው ገደማ በፕላስቲክ ወንበር ይቀመጣል። ያለን ዕቃ፦ አምፕሊፋየሩ ውስጡ የሆነ ባለ 15 ኢንች ስፒከር 4፣ ባለ 18 ኢንች ቤዝ 2፣ ባለ 16 ቻናል ዲጂታል ሚክሰር። ስፒከሮቹን ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ደርበን መድረኩ ላይ እናቆማቸዋለን። ባንዱ ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታር፣ ሳክስፎንና ክራር አለው። የሚዘፈነው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስለሆነ ቃሉ እንዲሰማ እንፈልጋለን። ተጨማሪ ስፒከር እንከራይ?

ሚክሰሩ ጋ
አትከራዩ። ያላችሁ ይበቃል፤ አቀማመጡ ነው የተበላሸው።

ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ይወርዳል። 4 ሜትር ላይ ያለውና 32 ሜትር ላይ ያለው በሦስት እጥፎሽ ስለሚለያዩ ልዩነቱ 18 ዴሲቤል ነው። ለኋላው ብላችሁ ስትጨምሩ የፊቱ ሰው ይጎዳል፤ ለኋላው የሚደርሰው ደግሞ በአብዛኛው ከቆርቆሮና ከግድግዳ ተላትሞ የመጣ ስለሆነ ጩኸቱ እንጂ ቃሉ አይጨምርለትም።

መደረብ ይቅር። ከአራቱ ስፒከሮች ሁለቱን፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ፣ በስታንድ ላይ ስቀሉ፤ የላይኛው ቀንዳቸው (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ከወለሉ 3 ሜትር ያህል ይሁን። አሁን የፊቱ ሰው ራስና ትከሻ ቀጭኑን ድምፅ እየዋጠ ያስቀረዋል። ፊታቸውን ትንሽ ወደ ታች አዘንብላችሁ የአዳራሹ መካከል ላይ አነጣጥሩ፤ ጣሪያውን አይምቱ። ስታንዱ የሚችለውን ክብደት አይታችሁ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት።

የቀሩትን ሁለት ከመድረኩ ስፒከሮች 18 ሜትር ርቀት ላይ፣ በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ ወንበሮች አዙራችሁ አቁሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 344 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ በኬብል የሚሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ የመካከለኞቹ ስፒከሮች ካልዘገዩ የኋላው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። 18 ለ 344 ሲካፈል 52 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። 10 ጨምሩበትና በሚክሰሩ የአውትፑት ዲሌይ (ወደ ስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ የሚያዘገየው ማስተካከያ) ላይ 62 ሙሉ። ያ 10 የተጨመረው የመድረኩ ድምፅ ቀድሞ እንዲደርስ ነው፤ ጆሮ ድምፁ የመጣው መጀመሪያ ከደረሰበት አቅጣጫ ነው ብሎ ይቀበላል። ከ150 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ፤ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም ነው) በታች ያለውን ከእነዚህ ስፒከሮች ቁረጡ። መጠናቸውም እነሱ ሲጠፉ «ቃሉ ጠፋ» የሚባልበት፣ ሲበሩ ግን መኖራቸው የማይታወቅበት ይሁን።

ጠያቂ
ዲሌዩ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ሚክሰሩ ጋ
የሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) ጠቅታ በሁሉም ስፒከር ልቀቁ፤ ከመካከለኞቹ 5 ሜትር ወደ ኋላ ቁሙ። ጠቅታው ሁለት ከሆነ ወይም ከጎን የመጣ ከመሰለ በ2 በ2 ሚሊ ሰከንድ እየጨመራችሁ ሞክሩ፤ ካልጠፋ መጠናቸውን ቀንሱ።

ድርብ ግድግዳ
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ክፍሉ ተረሳ። 32 በ18 በ7 ሲባዛ 4,032 ሜትር ኩብ ነው። ድምፅ ከቆመ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ 0.161 ሲባዛ በይዘቱ፣ ሲካፈል ድምፅ በሚመጠው (ውጦ በሚያስቀረው) ስፋት ነው። ሲሚንቶ፣ ልስንና ቆርቆሮ ብቻ ሲሆን ባዶው አዳራሽ 5 ሰከንድ አካባቢ ይሰጣል። አንድ የተቀመጠ ሰው 0.45 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚመጥ 600 ሰው ሲገባ ወደ 1.6 ሰከንድ ይወርዳል። ለእንዲህ ዓይነት ባንድ 1 ሰከንድ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚህ የሚከተለው፦ ባዶ አዳራሽ ውስጥ በሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረግ የድምፅ ሙከራ) ያስተካከላችሁት ኢኪው (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ሚዛን) ሰው ሲገባ አይሠራም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ባለ ሚክሰሩ ከመካከለኛው ወንበር ሆኖ እንደገና ያስተካክል። የድምፃዊው ማይክ ላይ ደግሞ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) የሚባል አይጨመር። ክፍሉ ራሱ ከበቂ በላይ ሪቨርብ ነው።

ሁለተኛው ችግር የኋላ ግድግዳ ማሚቶ ነው። ከስፒከሩ 5 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፁ 27 ሜትር ሄዶ 27 ሜትር ሲመለስ ከ157 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ድጋሚ ይሰማዋል። ከ50 በላይ የዘገየ ለጆሮ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ድምፅ ነው። ግድግዳው ላይ በ18 ሜትር ርዝመት፣ በ4 ሜትር ቁመት ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ። የጨርቁ ርዝመት 36 ሜትር ሆኖ ይታጠፍ፤ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የተወጠረ ስስ ጨርቅ ከሆነ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

ጠያቂ
የእንቁላል መያዣ ካርቶን ብንለጥፍስ? የቡና ጆንያም በርካሽ እናገኛለን።

ድርብ ግድግዳ
የእንቁላል ካርቶኑን ተዉት፤ ስስ ነው፣ የሚመጠው ትንሽ ነው፣ እሳት ከያዘው ደግሞ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ መዓት ነው። ጆንያ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ነገር ግን ሽመናው ክፍት ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል እንጂ ብቻውን አይመጥም። ሽፋን አድርጉት። 1.2 በ2.4 ሜትር የእንጨት ፍሬም ሠርታችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ፋይበር ሙሉበት፣ በጆንያ አልብሱት። ጥጥም ድምፅ ይመጥጣል፤ ግን ይነዳል። ጆንያውም ስለሚነድ ከመድረክ መብራትና ከኤሌክትሪክ ገመድ አርቁት።

ይህ ሁሉ ቤዙን አይነካውም። 80 ሄርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 4.3 ሜትር ነው፤ በመጋረጃ አይያዝም።

ዝቅ ያለው ድምፅ
ለቤዙ እኔ ልጨምር። ሁለቱን ቤዞች ግራና ቀኝ ማራራቅ መሃል ላይ የሚደልቅ፣ ጎን ላይ የሚጠፋ ድምፅ ያመጣል። አንድ ላይ አጋጥማችሁ መድረኩ ፊት ወለሉ ላይ መሃል አስቀምጡ። የእግር ከበሮና ቤዝ ጊታር ብቻ በአውክስ (ከሚክሰሩ ለብቻው በሚወጣ መስመር) ይግባባቸው። ድምፃዊውን ከ120 ሄርዝ በታች፣ ክራርና ሊድ ጊታርን ከ100 በታች ቁረጡ። ኪቦርዲስቱን የግራ እጁን እንዲያሳርፍ ለምኑት፤ ቤዝ ጊታር እያለ እሱ ታች ሲጫወት ነው ጭቃው የሚመጣው። ድምፃዊው ላይ 300 ሄርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል ብትቀንሱ ቃሉ ይወጣል።

ሞኒተሩንም (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበትን የመድረክ ስፒከር) አስተውሉ። ማይኩ ካርዲዮይድ (ከፊቱ የሚሰማ፣ በጀርባው የማይሰማ ዓይነት) ከሆነ በትክክል ጀርባው ላይ፣ ሱፐር ካርዲዮይድ (ከዚያ ይበልጥ ጠባብ አቅጣጫ የሚሰማ) ከሆነ ከጀርባው ወደ ጎን ፈንጠር አድርጋችሁ አስቀምጡ። ያኔ ፊድባክ (የማይክ ፉጨት) ሳይፈራ ዘፋኙ ራሱን ይሰማል።

ጠያቂ
ዝናብ ሲመጣስ? ቆርቆሮው ሲመታ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ድርብ ግድግዳ
በዕለቱ መድኃኒት የለውም። ከዝናቡ በላይ ለመጮኽ መሞከር ጆሮ ማበላሸት ነው። ዘላቂው መፍትሔ ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ትቶ ፋይበር የለበሰ ኮርኒስ መሥራት ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ ለክረምት ዝግጅት ፕሮግራሙን አስቀድማችሁ በሁለት አዘጋጁ፤ ዶፉ ሲወርድ ድራምና ሳክስፎን የሚመራቸው ዜማዎች ይቅደሙ፣ ቃል የሚፈልጉት ይቆዩ።

ፌዝ ሦስት
መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ፦ ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። 10 ኬቪኤ (የጀነሬተር አቅም መለኪያ) የተጻፈበት በተለመደው የኃይል ምጣኔ በ0.8 ሲባዛ 8 ኪሎ ዋት ነው፤ እዚህ ከ6.6 ብዙም አይበልጥም። የመድረክ መብራቱን ከድምፁ በተለየ ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) አድርጉ። ሚክሰሩና ስፒከሮቹ ግን ከአንድ ምንጭ ይውሰዱ፤ ያለበለዚያ «ህምም» የሚል ድምፅ ይገባል። ያንን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የመሬት ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ካለ ከዕቃው አጠገብ አባርሩት፤ ማይክ የያዘው ዘፋኝ ነው የሚመታው።

እናት
እኛ ተመልካቾችስ የት ብንቀመጥ ይሻላል? ልጆች ይዤ ነው የምመጣው።

ሚክሰሩ ጋ
እህቴ፣ ባለ ሚክሰሩ ከተቀመጠበት ፊት ለፊት፣ መሃሉ ላይ። እሱ የሚያስተካክለው ለዚያ ቦታ ነው። ከስፒከር ፊት በጭራሽ አትቀመጪ፤ 100 ዴሲቤል ላይ ጥበቃ የሌለው ጆሮ የሚችለው 15 ደቂቃ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ የመዝናኛ ቦታ ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 እንዳያልፍ ይላል። ለልጆች ከላይ ጆሮን የሚሸፍነው ዓይነት የጆሮ መከላከያ ይሻላል፤ ጥጥ መወተፍ አይጠቅምም።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልን። የመጨረሻ፦ ወደ መካከለኞቹ ስፒከሮች ኬብሉን በየት እናሳልፈው? መተላለፊያውን ያቋርጣል።

ፌዝ ሦስት
መተላለፊያውን አያቋርጥ። በግድግዳው ጥግ ውሰዱት፤ በር ሲያጋጥም ከበሩ በላይ አዙሩት፣ በወለል አይለፍ፤ የጎን በሮቹም ዝግጅቱ እስኪያልቅ አይቆለፉ። የድምፁ ባለ ሦስት ፒን ኤክስኤልአር ከሆነ 40 ሜትርም ችግር የለውም፤ የጊታር ጃክ ግን ከ6 ሜትር በላይ አታስረዝሙ። የኃይልና የድምፅ ገመድ ጎን ለጎን አይሂዱ። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይለፉ።