8/4 ድፍን ቁጥር ነው ብዬ ማሳመን አቃተኝ

ሰላም የሒሳብ መምህራን። ሐይቅ ከተማ ነው የማስተምረው። ራሽናል ቁጥሮችን (ድፍን ቁጥር ዜሮ ላልሆነ ድፍን ቁጥር ተካፍሎ ሊጻፉ የሚችሉትን) መመደብ ላይ ሳምንት ሙሉ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ልጆቹ የሚመድቡት መልኩን አይተው ነው። ሰረዝ ካለው ክፍልፋይ፣ ነጥብ ካለው አስርዮሽ፣ አለቀ። 8/4 ሲካፈል 2 እንደሚሆን ያውቃሉ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥተውም ያሳዩኛል፣ ግን "ታዲያ ድፍን ቁጥር ነዋ?" ስላቸው "አይ ቲቸር፣ ክፍልፋይ ነው" ብለው ድርቅ ይላሉ። -3ንም ድፍን ካሉት በኋላ ራሽናል ነው ብሎ የሚጨምር የለም። -3/1 ተብሎ እንደሚጻፍ ስንቴ ነግሬያቸው!

ክብ በክብ ውስጥ ስዬ ሞክሬያለሁ። ሐይቅ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው፣ ደቡብ ወሎ አማራ ክልል ውስጥ፣ ክልሉ ኢትዮጵያ ውስጥ፤ ስለዚህ ሐይቅ ያለ ሰው አራቱም ውስጥ አለ አልኳቸው። ይሄ ወዲያው ገባቸው። አንዱማ "ደሴ ያለ ሰው ግን ደቡብ ወሎ እንጂ ሐይቅ አይደለም" ብሎ፣ 1/2 ራሽናል ሆኖ ድፍን ያልሆነበትን ምክንያት ሳያውቀው ነገረኝ። ወደ ቁጥሩ ስንመለስ ግን ያው ነን።

0.333... ሲመጣማ አይነሳ። ማብቂያ ስለሌለው ራሽናል አይደለም ይላሉ፣ 1/3ን አካፍለው ራሳቸው ያገኙትን! ፓይ ደግሞ ልክ 22/7 ነው ብለው ያምናሉ (ይሄንን ያስለመድናቸው እኛው ሳንሆን አንቀርም)።

ጥያቄዬ፦ መጀመሪያ ማቃለልን ደጋግሜ ላሠራቸውና ከዚያ ወደ ምደባው ልግባ፣ ወይስ 2ን፣ 8/4ን እና 2.0ን በወረቀት ቆራርጬ አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው? ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ አለ፣ ቡድን ሥራ ወዲያው ገበያ ይሆናል። የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ፣ አብሽር ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ።