«ክላስ ቱ ሪስክ»፦ አቤል ምን አድርጎ ነው ሞት የተፈረደበት?

ሌሊት ወፍ፦
ሰላም ሰዎች። የፈረንሳዊውን ዳይሬክተር የክሎድ ሶቴን ፊልም «ክላስ ቱ ሪስክ» (እ.ኤ.አ. 1960) ትናንት ማታ አየሁት። አቤልን ሆኖ የሚተውነው ሊኖ ቬንቱራ ገራሚ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አቤል ዳቮስ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ጣሊያን ተደብቋል። ምን ሠርቶ? ማንን ገድሎ? ፊልሙ ትንፍሽ አይልም። አምልጦኝ ነው ወይስ ሆን ብለው ነው?

ጥቁርና ነጭ፦
ወንድሜ፣ አላመለጠህም። ፊልሙ የሚጀምረው ሰውዬው ካለቀለት በኋላ ነው። ሚስትና ሁለት ልጆች ይዟል፤ ሚላን ላይ በጠራራ ፀሐይ ዘርፎ ወደ ፈረንሳይ ሊገባ ነው። ስለ ድሮው የሚያወራበት ጊዜ የለውም። መንገድ ላይ ልጆቹ ራቅ ብለው ከኋላው ሲከተሉት አይተሃል? እሱ ቢያዝ እንደማያውቁት ሆነው እንዲያልፉ ነው። ለምን ብለው አይጠይቁም። ለምደውታል! እኔ ከተኩሱ ሁሉ ይልቅ አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አቤል ዳቮስ የተቀዳው ከእውነተኛ ሰው ነው። አቤል ዳኖስ ይባላል፣ ቅጽል ስሙ «ማሞዝ»። እሱም ጣሊያን ሸሽቶ ነበር። ግን ተራ ዘራፊ አልነበረም። በናዚ ወረራ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ለጀርመኖች ይሠራ ከነበረው፣ «የፈረንሳይ ጌስታፖ» ከሚባለው ቡድን ጋር ነበር። በ1952 ተረሸነ። ፊልሙ ይቺን ታሪክ ዘሏታል። ባይዘላት ኖሮ ለቬንቱራ እንዲህ እናዝንለት ነበር? አይመስለኝም።

ሌሊት ወፍ፦
ኧረ በስመ አብ! እኔ እኮ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ አምቡላንስ ውስጥ ሲተኛ «በቃ አይያዝ» እያልኩ ነበር። ይህን ታሪክ ማን ነው እንዲህ አጽድቶ የጻፈው?

ጥቁርና ነጭ፦
ጆዜ ጆቫኒ። ልብ ወለዱ የእሱ ነው፤ ዳኖስን ያወቀውም እስር ቤት ነው። እሱ ራሱ በ1948 ሞት ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ተቀንሶለት በ1956 ተፈታ። ከዚያ ደራሲና ዳይሬክተር ሆኖ አንቱ ተባለ። በ1993 ግን የስዊስ ጋዜጦች ጉዱን አወጡት፦ በወረራው ጊዜ እሱም ከጀርመኖች ጋር አብሯል። እንግዲህ የሸሸጋትን ነገር ለምን እንደሸሸጋት አንተው ፍረድ።

የኋላ ወንበር፦
እናንተ ደግሞ ፊልሙን ፍርድ ቤት አደረጋችሁት። ቤልሞንዶስ? ፓሪስ ያሉት የድሮ ጓደኞቹ ባለዕዳዎቹ ናቸው፣ ግን ሰበብ ይደረድራሉ። አቤልን ሊያመጣው አምቡላንሱን እስከ ኒስ የሚነዳው ጭራሽ የማያውቀው ልጅ ነው፤ ቤልሞንዶ የሚተውነው እሱን ነው። ለእኔ ፊልሙ ስለ ክህደት ነው፣ ዳኖስ ኖረ አልኖረ። በዚያው ሰሞን ቤልሞንዶ የተወነበት የዳይሬክተር ጎዳር ፊልም ወጣና ይሄኛውን ዋጠው እንጂ።

ጥቁርና ነጭ፦
ክህደቱስ ልክ ነህ። ግን የጓደኛ ክህደት የሚያንገበግበው ሰውዬ ራሱ ማንን እንደከዳ ስታውቅ፣ ያቺ የፓሪስ ትዕይንት ሌላ ሆና ትታይሃለች። ሌሊት ወፍ፣ ቀጥለህ የዣክ ቤኬርን «ለ ትሩ» እይ። እሱም የ1960 ነው። ጆቫኒ በ1947 ከላ ሳንቴ እስር ቤት ሊያመልጥ የሞከረበት ታሪክ ነው። እዚያም የታሰረበትን ምክንያት አትፈልግ።