ማህፀንን በካሜራ ለመታየት የት ይሻላል? ጥቆማ ለሰሜን ሸዋ እህቶች

ማህፀኔን በካሜራ ለመታየት የት ልሂድ ብለሽ ከመሐል ሜዳ ለጠየቅሽው እህታችን፦ ሂስትሮስኮፒ (ማህፀንን በካሜራ ማየት) የታዘዘልሽ ከሆነ ከደብረ ብርሃን ጀምሪ፤ አዲስ አበባን በሁለተኛ ደረጃ አስቢው። አልትራሳውንድ፣ የደምና የእርግዝና ምርመራ ለማሠራት አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ መጓዝ ትርፉ ድካም ነው። ሐኪም ግዛው ሆስፒታልም ሆነ የደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ታገኚያለሽ። ካሜራው ራሱ በዚያ ሰሞን እየሠራ መሆኑን ጠይቂ፤ ካልሆነ ሪፈር ያጽፉልሻል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለሽ የሪፈር ወረቀቱ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ይዞ መምጣት አለበት፤ አለበለዚያ ወጪው ወደ ኪስሽ ይዞራል።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። አልትራሳውንድ ርካሽና ቅርብ ነው፤ በብልት በኩል የሚገባው ደግሞ ከሆድ ላይ ከሚታየው ይልቅ የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ አጥርቶ ያሳያል። ቀለም ተረጭቶ የሚነሳው ራጅ የማህፀን ቱቦ መከፈት አለመከፈቱን ለማወቅ ጥሩ ነው። የማህፀን ጠረጋ ግን፣ ለምርመራ ሲባል፣ በጭፍን የሚሠራ ነገር ነውና ትንሿን ፖሊፕ (ከማህፀን ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) አልፏት ሊሄድ ይችላል። ሂስትሮስኮፒ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው፤ በማህፀን በር ይገባል፣ የጨው ውኃ ግድግዳውን ከፈት ያደርገዋል፣ ሐኪሙ በስክሪን ያያል። ሆድ አይቀደድም፣ ስፌት የለም። ፖሊፕ፣ ወደ ማህፀን ውስጥ የወጣ ማዮማ (የማህፀን ዕጢ)፣ ከጠረጋ በኋላ የተጣበቀ ግድግዳ፣ ክሩ የጠፋ ሉፕ (በማህፀን የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ)፣ እነዚህ ሁሉ የእሱ ሥራ ናቸው። በማህፀን ጡንቻ ውስጥ ወይም በውጪ በኩል የተቀመጠ ማዮማ ግን ከእሱ አቅም ውጪ ነው። ስለዚህ «ማዮማ አለ» ብቻ የሚል ወረቀት ይዘሽ አትሳፈሪ፤ የት እንዳለና መጠኑን አስጽፊ።

አዲስ አበባ መሄድ ግድ ከሆነ የመንግሥት ሆስፒታል በዋጋው፣ የግሉ በፍጥነቱ ይበልጣሉ። ልጅ ፍለጋ ላይ ላላችሁ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ስላለው ምርመራውም ክትትሉም በአንድ ቦታ ይሆንላችኋል፤ ወረፋውን መታገሥ ነው። ወደ ግል ከሄዳችሁ የሚነገራችሁ ዋጋ ማደንዘዣውን፣ አልጋውንና የፓቶሎጂ (የተወሰደው ናሙና) ምርመራውን ይጨምር እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ከሁሉ በላይ ይህን ጠይቁ፦ «ለማየት ብቻ ነው ወይስ ያገኛችሁትን በዚያው ታወጡታላችሁ?» ለማየት ብቻ ከሆነ ሁለት ጊዜ መሳፈርና ሁለት ጊዜ መክፈል ይመጣል። እኔ በዚያው የሚያወጣውን እመርጣለሁ።

ቀጠሮሽን በደመወዝ ቀን ሳይሆን በወር አበባሽ ቁጠሪ። ደሙ ካቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት፣ ማለትም ከመጣበት ቀን ጀምሮ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ቀን አካባቢ፣ ግድግዳው ቀጭን ስለሚሆን በደንብ ይታያል። እርግዝና ወይም የማህፀን ኢንፌክሽን ካለ አይሠራም። የወር አበባቸው የቆመ እናቶች ቀን መምረጥ አያስፈልጋቸውም፤ ከቆመ በኋላ ደም ካዩ ግን ጠብታም ብትሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

ሕመሙን በተመለከተ፣ ያለ ማደንዘዣ ሲሠራ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ነው የሚሉ አሉ፤ ከዚያ የባሰ የሚያማቸውም አሉ። ሐኪምሽ ከፈቀደ ከአንድ ሰዓት በፊት አይቡፕሮፌን መውሰድ ያግዛል። ካቃተሽ «አቁሙልኝ» ማለት መብትሽ ነው፤ አፍራችሁ ጥርስ አትንከሱ። ሙሉ ሰመመን ከሆነ በባዶ ሆድ ትቀርቢያለሽ፣ አስታማሚም ያስፈልግሻል፤ በዚያ ቀን ብቻሽን መኪና ተሳፍረሽ ጣርማ በርን ወይም የመንዝን መንገድ አትያዢ። ጋቢም አትርሺ፣ ከሰመመን ሲነቁ ያንቀጠቅጣል።

በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ደም ይኖራል፤ ሞዴስ ተጠቀሚ፣ ግንኙነት ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ይቆይ። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ካየሽ በቅርብሽ ወዳለው ሆስፒታል ሩጪ። ማህፀን መበሳት አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ጥቂት ቢሆንም። ስለዚህ የተሠራልሽን የሚገልጸውን ወረቀት ከእጅሽ አትለዪ፤ የመሐል ሜዳው ሐኪም አዲስ አበባ ምን እንደተደረገልሽ የሚያውቀው በእሱ ነው። ናሙና ከተወሰደም የፓቶሎጂ ውጤቱ ወዲያው አይደርስም። ማን እንደሚቀበልልሽ፣ በስልክ ይነገር እንደሆነም ከመውጣትሽ በፊት ጨርሺ፤ ከተማው ላይ ዘመድ ካለሽ ስሙን እዚያው አስመዝግቢ።