መጨረሻው የተገነጠለው መጽሐፍ ቀሰቀሰኝ፤ ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ

የጎደለ ገጽ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ልጅ ሆኜ አንባቢ ነበርኩ። አንባቢ ስላችሁ፣ ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የማልሰማ፣ እየሄድኩ ሳነብ ከምሰሶ ጋር የተላተምኩ ዓይነት። ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ የዚያ ናት። አሁን 43 ዓመቴ ነው። ላለፉት 8 ዓመታት አንድም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አልጨረስኩም። እገዛለሁ፣ እጀምራለሁ፣ 3ኛው ገጽ ላይ ዕልባት አስገብቼ አስቀምጠዋለሁ። ዕልባት እንጂ መጽሐፍ የምሰበስብ አልመስልም።

ባለፈው ወር ግን አንድ ነገር ሆነ። በ11 ዓመቴ ደጋግሜ ያነበብኩት ልብ ወለድ ነበር። የመጨረሻዎቹ 12 ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ታሪኩ የሚቆመው ልጁ ወንዙ ዳር ደርሶ ጀልባውን ሲያጣው ነው። ቀሪውን እኔው ሠራሁት፤ ልጁ ዋኝቶ ይሻገራል፣ እናቱ ማዶ ቆማ ትጠብቀዋለች። ለታናሽ እህቴም እንደዚያው ተረኩላት። እስከ ዛሬ የመጽሐፉ መጨረሻ ይመስላታል።

ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን ዘመድ ቤት መደርደሪያ ላይ አየሁት። ተውሼ ወሰድኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጀመርኩት፣ ስጨርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። ልጁ ወንዙን አይሻገርም! እዚያው ቀርቶ ጀልባ መሥራት ይማራል። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። የኔው ይሻል ነበር። ግን 5 ሰዓት ሙሉ ስልኬ የት እንደወደቀ አላውቅም።

በማግስቱ በዚያው ሙቀት ሌላ መጽሐፍ ከፈትኩ። 3ኛ ገጽ። ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፣ ልቤ የለም። ያቺ ሌሊት ምን ነበረች? ትዝታ ብቻ ናት? ፍቅሩ የተመለሰላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ንብ የሚፈራው

እህቴ፣ አትቀየሚኝና ትዝታ ይመስለኛል። የናፈቀሽ 11 ዓመትሽ ነው። እኔም እንደዚሁ አርጎኝ የልጅነት መጻሕፍቴን አንድ በአንድ እያደንኩ አነበብኩ። የመጀመሪያው አስለቀሰኝ። 4ኛው ላይ አዛጋሁ። ብልህ ይመስለኝ የነበረው ጀግና ለካ ጉረኛ ነው።

ለኔ በሌላ በር ነው የመጣው። ሐኪም ዘንድ ተራ ስጠብቅ ጠረጴዛ ላይ ስለ ንቦች የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ። ንብ አላረባም፣ እንዲያውም እፈራለሁ። ሥራ በሚበዛበት ወቅት አንዲት ሠራተኛ ንብ የምትኖረው 6 ሳምንት ገደማ ብቻ መሆኑን የሚያወራው ቦታ ላይ ስደርስ ተራዬ ተጠርቶ አልፏል። አልሰማሁም። ስምሽ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልሰማም ያልሽው ትዝ ያለኝ ለዚህ ነው።

ጡረተኛው አራሚ

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። የልብሽን ነገር ለሌሎች ትቼ ስለ ዓይንሽ ልጠይቅሽ። ያ የልጅነት መጽሐፍ ፊደሉ ጎላ ጎላ ያለ አልነበረም? መስመሩስ ራቅ ራቅ ያለ? ለልጆች የሚታተም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።

ዓይን መስመር ላይ እንደ ውሃ አይፈስም። ይዘላል፣ ሩብ ሴኮንድ ያህል ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። ያመለጠው ካለ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፊደሉ ሲደቅና መስመሩ ሲጠጋጋ ይኼ መመለስ ይበዛል። አንባቢው ግን ይህን አያይም፤ የሚሰማው ድካም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሰው 40 ሲያልፍ የዓይኑ ሌንስ እየጠጠረ ይሄዳል፣ ቅርብ ያለውን ለማየት ቅርጹን እንደ ልብ አይቀይርም። በአንድ ጀምበር የሚመጣ ነገር ስላልሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሰነፍኩ እያለ ራሱን ይወቅሳል። እኔስ ሁለት ዓመት ሙሉ የዘመኑን ደራሲዎች ስሰድብ ኖሬ፣ መነጽር ሳደርግ ታረቅን!

አሁኑኑ አንዱን መጽሐፍ ክፈቺና አንብቢ። ከዚያ ክንድሽን ተመልከቺ። ተዘርግቷል? እንግዲያው የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ግማሽ አንባቢ

የአባታችን ምክር ደስ ይላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። 3ኛ ገጽ ላይ የምትተያቸው መጻሕፍት ምን ምን ናቸው? ልገምት፦ «ይኼንማ ሳታነቢ!» የተባልሽባቸው። ያ ከሆነ የቤት ሥራ ነው የያዝሽው።

ፈረንሳዊው ዳንኤል ፔናክ መምህር የነበረ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ንባብ ባሳተመው መጽሐፍ ለአንባቢ 10 መብቶች ሰጥቷል። አንደኛው አለማንበብ ነው። ቀጥሎ ገጽ መዝለል፣ ከዚያ አለመጨረስ፣ ከዚያ ያነበቡትን እንደገና ማንበብ። መብትሽን አልተጠቀምሽም ለማለት ነው።

የኔ ሕግ 20 ገጽ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ እስኪለይ የማንኛውም ልብ ወለድ መጀመሪያ ይከብዳል። ስለዚህ 20 ገጽ እታገሣለሁ፣ ካልያዘኝ ያለ ጸጸት እከድነዋለሁ። ልጅ ሳለንም መጀመሪያው ይከብደን ነበር እኮ፤ ግን እጃችን የሚያነሳው ሌላ ነገር አልነበረም። ስልኩን ሌላ ክፍል ተይው። አጠፋሁት፣ ደፋሁት የሚባለው አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ፣ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ሌላ ክፍል ከሆነ መነሳት አለብሽ፣ መነሳት ደግሞ ማን ይወዳል።

የጎደለ ገጽ (ጠያቂ)፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ተመልሻለሁ። አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ያሉትን ያኑ ማታ ሞከርኩ። ክንዴ ተዘርግቷል ብቻ አይደለም፣ አንገቴም ወደ ኋላ ሄዷል። ሐኪሙ የማንበቢያ መነጽር አዘዘልኝ። አስቀያሚ ነው፣ ግን ፊደሎቹ ጥፍራቸው ሳይቀር ታየኝ። በ3ኛ ገጽ ከቀሩት አንዱን አነሳሁና አሁን 141 ላይ ነኝ። ሌላውን በመነጽርም ሞከርኩት፤ በመነጽርም አሰልቺ ነው። ግማሽ አንባቢ ባለው መብት ተጠቅሜ ለሰው ሰጠሁት።

ስልኩ ሌላ ክፍል ነው የሚያድረው። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ውሃ ልጠጣ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ አልናገርም።

ንብ የሚፈራው፣ አልተቀየምኩህም። እንደ ያቺ ሌሊት ያለ ሌሊት እስካሁን አልደገመኝም። ትላንት ግን ባለቤቴ ሲያናግረኝ አልሰማሁትም፤ ደስ ብሎኝ ይቅርታ ጠየቅኩት።

አሁን ሌላ ጣጣ መጥቶብኛል። እህቴ ደውላ ያንን መጽሐፍ አውሺኝ አለችኝ። እናትየው ማዶ ቆማ የምትጠብቅበትን ለልጇ ልታነብላት ነው። መጨረሻውን እስካሁን አልነገርኳትም። የሰው መጽሐፍ ስለሆነ እነዚያን 12 ገጾች መገንጠልም አልችል።