ቀላል የሚመስሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ኮርስ ላይ አስቸገሩኝ፣ እንዴት ነው የምታጠኑት?

ሰላም_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የሲኤንኤ ኮርስ ጀምሬ ነበር። ከባድ ከባዱን የህክምና ቃል አይደለም የምላችሁ፣ እሱንማ ፍላሽ ካርድ ሰርቼ እየሸመደድኩት ነው፣ ያስቸገሩኝ ድሮ አውቃቸዋለሁ የምላቸው ናቸው። ቻርጅ ለኔ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ነው፣ እዚህ ቻርጅ ነርስ አለች፣ ሂሳቡም ቻርጅ ነው፣ ዜና ላይ ደግሞ ፖሊስ የከሰሰው ሰው ቻርጅድ ይባላል። ዲስቻርጅ ሲሉ አንዴ በሽተኛው ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው፣ አንዴ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ስቱል በርጩማ አልነበር እንዴ? እዚህ ሰገራ ሆኖ አገኘሁት። ዲክሽነሪ ስከፍት ለአንዱ ቃል አስራ ምናምን ትርጉም ይደረድርልኛል፣ የቱን ልያዝ?

የማታ_ፈረቃ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ቻርጅና ዲስቻርጅን ለየብቻ አትሸምድጃቸው፣ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። ቻርጅ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፣ ከዛ በፊት ላቲን፣ መነሻው ጋሪ ላይ መጫን ማለት ነው። ባትሪው ላይ ኃይል ይጫናል፣ ሰው ላይ ሂሳብ ወይ ክስ ይጫናል፣ ቻርጅ ነርሷ ደግሞ የፈረቃው ኃላፊነት የተጫነባት ናት። ዲስቻርጅ እንግዲህ ማራገፍ ነው፣ ሆስፒታሉ በሽተኛውን ሲያሰናብትም ቁስሉ ፈሳሽ ሲያወጣም ያው እሱ ነው። ስቱልም ቢሆን በርጩማነቱ አልቀረም፣ ድሮ ቤት ውስጥ የሚጸዳዱበት መቀመጫ በዚሁ ስም ይጠራ ነበርና ስሙ ቀስ እያለ ከመቀመጫው ወደ ሰገራው ዞረ። ብለድ ካልቸር ሲሉሽም የባህል ነገር አይደለም፣ የካልቸር ላቲኑ ማረስ ማልማት ነው፣ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ ላብራቶሪ ውስጥ አብቅለው ያዩታል።

ቡና_በጨው፦
የቃሉ ታሪክ ደስ ይላል፣ ግን ስራ ላይ ቆመሽ ላቲን ለማሰብ ጊዜ የለሽም፣ እኔ የምለው አጠገቡ ያለውን ቃል እዪ ነው። ፓስን ውሰጂ፣ ፓስ አውት ራሱን ሳተ ነው፣ ፓስ አወይ ሞተ ነው፣ ፓስ ጋዝ ፈስ ነው፣ ሜድ ፓስ ደግሞ መድኃኒት የሚታደልበት ሰዓት። አውትና አወይን አምታተሽ ለቤተሰብ ስልክ ብትደውዪ ምን እንደሚፈጠር አስቢው። እኛስ ቋንቋ ቢሆን ቢላዋ ሳለ፣ ስዕል ሳለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳለ እንል የለ፣ ማንም አይምታታበትም። ስለዚህ ካርዱ ላይ ቃሉን ብቻውን አትጻፊ፣ ከነጓደኛው ጻፊው። ዲክሽነሪውን ጨርሼ ልያዝ ካልሽማ አይሆንም፣ ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ1989 እትሙ ሰት ለምትለው ትንሽ ግስ ብቻ 430 ገደማ ትርጉም ሰጥቷል፣ ተወላጆቹም አይሸመድዱትም።

እናት_ዓለም፦
ልክ ብላችኋል፣ ግን አነባበቡን አትርሱ። ቲር እንባ ነው፣ በዛው ፊደል ተጽፎ ቴር ሲባል መቀደድ ነው፣ የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ ስኪን ቴር የሚባለውን በጣም ታዪዋለሽ። ሌላው ፖዘቲቭ ነው፣ የቴስት ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ ሲባል ጥሩ ዜና የሚመስላቸው እናትና አባቶች አሉን፣ የሚፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው እንጂ። ቤተሰባችሁን ሆስፒታል ስትወስዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ልጅ ለእናቷ እንዲህ ያለ ነገር እየተረጎመች መጨነቅ የለባትም።

ሰላም_ሜሪላንድ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ካርዶቼን ዛሬውኑ እንደ አዲስ እሰራቸዋለሁ። አንድ ልጨምር፣ ኬር ፕላን (የበሽተኛው እንክብካቤ ዕቅድ) ላይ ድሬሲንግ የሚል አለ፣ ልብስ ማልበስ ነው ወይስ የቁስል ፋሻ?

የማታ_ፈረቃ፦
ከመታጠብና ከመብላት ጋር አብሮ ከተዘረዘረ ልብስ ማልበስ ነው፣ ያንቺ ስራ ነው። የቁስል ከሆነ ግን የትኛው ቦታ እንደሆነ አብሮ ይጻፋል፣ እሱን የምትቀይረው ነርሷ ናት፣ ርሶ ወይ ተላቆ ካየሽው ቶሎ ንገሪያት።