ጋያና ወይስ አሉቶች? የጫት ላይ ክርክር

ሰላም ናችሁ? የድሬዳዋ ከዚራ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ምድር ባቡር ሠርቶ ነው ያሳደገን። ትናንት ጫት ላይ ጓደኛዬ «ዛሬ ያለፈለት የደቡብ አሜሪካዋ ጋያና ሰው ነው» አለ። እኔ ደግሞ የአላስካ ደሴቶች ተወላጆች፣ አሉቶች ይሻላሉ ብዬ ድርቅ አልኩ። ተሸናፊ የጫቱን ይከፍላል። ማን ልክ ነው?

መልስ ከሳቢያን፦
አቦ፣ አንዱ አገር፣ አንዱ ትንሽ ሕዝብ፤ በምን ሚዛን? ጋያና እ.ኤ.አ. በ2015 ባሕር ውስጥ ነዳጅ ዘይት ተገኘላት፣ በ2019 መጨረሻ መቅዳት ተጀመረ፣ በ2022 ኢኮኖሚዋ ከ60 በመቶ በላይ አደገ። ውሉን ግን እየው። ከ100 በርሜል እስከ 75ቱ ለኩባንያዎቹ ወጪ ይነሳል። የቀረው 25 ለመንግሥትና ለኩባንያዎቹ እኩል ይከፈላል። 2 በመቶ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከምርቱ ለመንግሥት የሚከፈል ድርሻ፣ ጨምርበት፣ መንግሥት 14 ተኩል ደረሰው። በቃ!

መልስ ከመጋላ፦
አሉቶች፣ በራሳቸው አጠራር ኡናንጋን፣ በ1971ቱ የአላስካ ተወላጆች የመሬት ሕግ የራሳቸው ኮርፖሬሽን ባለአክሲዮን ሆነዋል። እንደ ማንኛውም የአላስካ ነዋሪ ግዛቱ ከነዳጅ ገቢ ካጠራቀመው ፈንድም በየዓመቱ ይደርሳቸዋል፤ በ2022 ለአንድ ሰው 3,284 ዶላር ነበር። ግን ደሴት ላይ ወተቱም ነዳጁም በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ነው የሚገባው፣ ዋጋው አይቀመስም። በዚያው ዓመት የቤሪንግ ባሕር ሸርጣን ተመናምኖ ማጥመድ ሲከለከል፣ በሸርጣን የምትኖረው የአሉቶቹ የቅዱስ ጳውሎስ ደሴት ወገቧ ተቆረጠ።

ጠያቂው፦
ይሄ የእኛው ታሪክ ነው፤ እነሱ በሸርጣን፣ እኛ በባቡር። አባቴ በዎርክሾፑ ፊሽካ ነበር የሚነሳው፤ ፊሽካው ከቀረ በኋላም ሰዓቷን ጠብቆ ይነቃል። ለማንኛውም የጫቱን ማን ይክፈል?

ከሳቢያን፦
ግማሽ ግማሽ። ወጪ ግን ቀድሞ አይነሳ!